«በሬው የት አለ?»፦ ስለማያልቁት ጌሞች የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ስልክ ጌሞች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። የኳስና የተኩስ ጌም ጥያቄ ይጎርፋል ብዬ ስጠብቅ አብዛኛው ደብዳቤ ስለ ሌላ ነገር ሆኖ መጣ። ጠላት መግደል ግድ ስላልሆነበት፣ አሸነፍክ ተሸነፍክ ስለማይል፣ ቤት ሠርተህ፣ ጓሮ ተክለህ፣ ከጎረቤት ሰላም ተባብለህ ዝም ብለህ ስለምትኖርበት ጌም ነው የጠየቃችሁኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ያህል ሰው እንደሚጫወተው ማወቄ በጣም ደስ ብሎኛል፤ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ሰጥቻችኋለሁ። ስም አታውጣ ስላላችሁኝ የማንም ስም የለም።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስታርዲው ቫሊ እጫወታለሁ። ድንች እተክላለሁ፣ ዶሮ አረባለሁ፣ ላምም አለችኝ፣ ቦራ ብያታለሁ። ታላቅ ወንድሜ ባየኝ ቁጥር «እኛ እርሻ ሸሽተን ከተማ ገባን፣ አንቺ ስልክ ላይ ታርሻለሽ» እያለ ይስቅብኛል። አባታችን ቃሉ ውስጥ ገበሬ ነው። ለአረፋ ቤት ስሄድ አባቴ ስልኬን አየት አደረገና ትንሽ ዝም ብሎ «በሬው የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ነገር ለምንድነው እንዲህ የምወደው? ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአባትሽ ልጀምር። ስለዚህ ጌም እስከዛሬ ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ የሳቸው ይበልጣል።

በሬው የለም። ሞፈር የለም፣ ቀንበር የለም፣ ጅራፍም የለም። አንቺ እንደምታውቂው መቆፈሪያሽን ይዘሽ አንዷን ካሬ መሬት መታ ስታደርጊያት ታርሳ ቁጭ ትላለች። ዘር ጣል ታደርጊባታለሽ፣ ውሃ ታጠጫታለሽ፣ ትተኛለሽ። መጀመሪያ የሚሰጥሽ ዘር ፓርስኒፕ ነው፤ ካሮት የመሰለ ነጭ ሥር፣ በአራት ቀን የሚደርስ። ድንቹ በስድስት ቀን። ቴሌቪዥኑ ነገ ይዘንባል ካለ ይዘንባል፣ የዘነበ ቀን ደግሞ ውሃ ከማጠጣት ታርፊያለሽ። ማስፈራሪያ ካልተከልሽ ቁራ ይበላብሻል፤ ወቅቱ ሲቀየር ማሳ ላይ የቀረ ሰብል ይደርቅብሻል። ክፉው ነገር በቃ ይኸው ነው። ከስረሽ ባዶ ኪስሽን ብትቀሪ እንኳ በረሃብ አትሞቺም፤ በጊዜ ከተኛሽ ጠዋት ጉልበትሽ ሞልቶ ትነሺያለሽ።

አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ድካሙ ነው። ይህን ሁሉ መሬት ማን ገለበጠው ነው ያሉሽ። በሚቀጥለው ስትሄጂ እንዲህ በያቸው፦ ጌሙ የእርሻን ሥርዓት ወሰደ፣ የእርሻን ፍርሃት ተወው። ዘርቶ መጠበቅ፣ ሰብስቦ መሸጥ፣ ከሸጡት ላይ ዘር መግዛት፣ ይህ ሁሉ አለ። ደመና እያዩ ማደር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የእርሻ ወቅት ሲደርስ የሚታመም በሬ፣ ይህ የለም። እኔ ይገባቸዋል ባይ ነኝ። ከማንም ከማንም በላይ ይገባቸዋል።

ወንድምሽም የሚናገረው እውነት ነው። ወሎ ውስጥ በልግ ሲቀር ምን እንደሚከተል ያየ ሰው፣ እርሻ መዝናኛ ሆኖ ሲያገኘው ሆዱ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። አትከራከሪው። እኔም እርሻ ነው አላልኩም በይው። ከዚያ ስልኩን ስጪውና ለቦራ ድርቆሽ ያቅርብላት።

አሁን ወደ አንቺ። ለምን ትወጂዋለሽ? ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንሽ የምልሽ ቶሎ ይገባሻል። ወሩን ትዘጊያለሽ፣ በማግስቱ ሌላ ወር ይከፈታል። የምትደምሪው ብር ያንቺ አይደለም፣ ስህተቱ ግን ያንቺ ነው። ልክ የሠራሽ ቀን ማንም አያስተውልሽም። ጌሙ ውስጥ ደግሞ የሠራሽው ነገር ሁሉ ይታያል፤ ትናንት ያጠጣሽው ዛሬ በቅሏል፣ ያጠርሽው አጥር ታጥሯል፣ ጠዋት ዶሮዋን ዳሰስ ስታደርጊያት የልብ ምልክት ብቅ ይልባታል። ድካምና ውጤት እንዲህ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ በኑሯችን ውስጥ ስንት አለ? የጌሙ ታሪክ ራሱ ከቢሮ ነው የሚጀምረው፤ ባለታሪኩ አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሲደክመው አያቱ የተዉለትን ደብዳቤ ከፍቶ ያነባል፣ ደብዳቤው ውስጥ እርሻው አለ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው አንቺ በደንብ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ለኔ ትልቁ፣ ጌሙ የማይጠይቅሽ ጥያቄ ነው። የኛ ሰው ሸጋ ሰው ነው፣ ይወድሻል፣ ስለሚወድሽም ይጠይቅሻል። መቼ ትመረቂያለሽ? ከተመረቅሽ መቼ ሥራ ትይዣለሽ? ከያዝሽ መቼ ታገቢያለሽ? ካገባሽ ልጁስ? እያንዳንዱ ጥያቄ ከፍቅር ነው የሚመጣው፤ ሲደራረብ ግን ሰው የራሱን ኑሮ እየሮጠ የሚያሳድደው ነገር ያደርገዋል። እዚያ መንደር ውስጥ ግን ዘንድሮ ማግባት ትችያለሽ፣ ከፈለግሽ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከፈለግሽ ጭራሽ። ዓሣ ብቻ እያጠመድሽ ክረምቱን ብታሳልፊ ማንም አይቆጣሽም። ሦስተኛው ዓመት ሲጠባ የአያትሽ መንፈስ መጥቶ ሥራሽን ይመዝናል፤ እሱም ቢሆን ውጤቱ ካልጣመሽ አልማዝ አስቀምጠሽ እንደገና መዝነኝ ማለት ትችያለሽ። ከዚያም በኋላ ጌሙ ይቀጥላል። ይህን የመሰለ ፈታኝ ለሁላችንም ይስጠን።

ጊዜሽን ታባክኚያለሽ ወይ ላልሽው፣ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ማረፍ ብክነት አይደለም፣ አብሽሪ። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለው። የጌሙ አንድ ቀን ወደ 14 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልክ ስትተኚ ጠዋቱ ወዲያው ይመጣል፣ ጠዋቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ደብዳቤ፣ የደረሰ ሰብል፣ አዲስ እንቁላል። እንደ ቆሎ ነው፣ አንዲት ፍሬ ብቻ ብለሽ እጅሽ አይመለስም። ብዙ ሰው ቀኑን ጨርሼ ላቁም ይላል፣ ቀኑን ሲጨርስ ግን አዲስ ጠዋት ያገኘዋል። አንቺ በተቃራኒው አድርጊ፤ እኩለ ቀን ላይ፣ አጠጥተሽ ጨርሰሽ ምንም የሚያጓጓ ነገር በሌለበት ሰዓት ውጪ። የስልኩ ጌም ከአፑ ስትወጪ ያለሽበትን ይይዝልሻል፣ የሚጠፋ ነገር የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። የትኛው ሰብል ስንት ያተርፋል ብለሽ ሠንጠረዥ መሥራት እንዳትጀምሪ። ጀምረሽ ከሆነም ተይው። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ተሰልቶ ተቀምጧል፣ አንዴ ከገባሽበት ግን ቀኑን ሙሉ ከሠራሽው ሂሳብ ወጥተሽ ሌላ ሂሳብ ቤት ገባሽ ማለት ነው። የማያተርፍ አበባ ትከይ። አንድ ሙሉ መስመር።

ኪራይ ቤትሽ ውስጥ ብቻዬን ነኝ ያልሽውንም አልዘለልኩትም። እዚያ መንደር ለያንዳንዱ ሰው በሳምንት ሁለት ስጦታ ትሰጫለሽ፣ የልደት ቀኑን ታስታውሺያለሽ፣ ቀስ በቀስ በሩን ይከፍትልሻል። ይህ ደስ ካለሽ ጎረቤት ናፍቆሻል ማለት ነው። ቅዳሜ ቡና አፍይና ከግቢው አንድ ሰው ጥሪ። አቦሉ ላይ ብትተፋፈሩ እንኳ በረካው ላይ ትተዋወቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ ነው የምኖረው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የ11 ዓመቷ ልጄ በአባቷ ላፕቶፕ ዘ ሲምስ የሚባል ጌም ትጫወታለች። ሰው ትሠራለች፣ ቤት ትሠራለች፣ ታስተኛቸዋለች፣ ታበላቸዋለች። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳይ የኛን ቤት ሠርታዋለች፤ ሳሎኑን፣ ወጥ ቤቱን፣ በረንዳዋን ሳይቀር። እኔንም ሠርታኛለች። የሠራችኝ ግን ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ ሳነብ ነው። እኔ መጽሐፍ ካነበብኩ ዘመን ሆኖኛል። ጓደኞቼ ከልክያት ይሉኛል። ልከልክላት?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

የዚህ ጌም አመጣጥ እርስዎ ከጻፉት ጋር የሚገናኝ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ኦክላንድ ላይ ትልቅ ቃጠሎ ተነስቶ ብዙ ቤት በላ። ቤታቸው ከተቃጠለባቸው ሰዎች አንዱ ዊል ራይት የሚባል የጌም ባለሙያ ነበር። ከዜሮ ተነስቶ ዕቃ መግዛት፣ ቤት ማደራጀት ሲጀምር፣ ሰው ለመኖር በእውነት የሚያስፈልገው ምንድነው እያለ ያስብ ጀመር። ከዚያ ሐሳብ ያደገው ዘ ሲምስ በ2000 ወጣ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ፍላጎቶቹን የሚያሳዩ መስመሮች አሉት። ረሃብ፣ እንቅልፍ፣ መጸዳጃ፣ ንጽሕና፣ ከሰው ጋር መጫወት። አንደኛው ደግሞ መዝናናት ነው። ሲሟላ አረንጓዴ፣ ሲጎድል ቀይ ይሆናል። ሰውየው በልቶና ተኝቶም ካልተዝናና ይከፋዋል። ጌሙ መዝናናትን ከምግብ ጎን ነው ያሰለፈው።

ልጅዎ እርስዎን ስትሠራ ሶፋ ላይ ያስቀመጠችዎት ያቺን መስመር አረንጓዴ ልታደርግልዎት ነው። ቤት ውስጥ ሲዘዋወሩ አይታለች። እንዳልተቀመጡ አይታለች። እኔ ብሆን ይህን ከማንም ምክር በላይ እሰማዋለሁ።

መከልከሉን በተመለከተ ቀጥታ ልንገርዎት። ጌሙ የተፈቀደው ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ፍቅርና ትዳር አለበት፣ አንዳንዱ ለ11 ዓመት ልጅ አይሆንም። ስለዚህ ላፕቶፑ ከመኝታ ቤት ይውጣና ሳሎን ይሁን፤ እየሠራችው ያለውን ቤት ታስጎብኝዎት፤ ሌላ ነገር ሲመጣ እዚያው ይነጋገሩበት። ገንዘቡንም ይወቁት። ሲምስ 4 ከ2022 ጥቅምት ጀምሮ ዋናው ጌም በነፃ ነው፣ ተጨማሪዎቹ ግን አብዛኞቹ በክፍያ ናቸው፣ ሲደመሩ ብዙ ብር ነው። ቤት ለመሥራት ነፃው ይበቃታል።

ጓደኞችዎ ሁሉም ጌም አንድ ነው ካሉ ግን አይቀበሏቸው። ሰላማዊ መስሎ የሚያሯሩጥ አለ፣ መፍራት ያለብንም እሱን ነው። በ2009 ፌስቡክ ላይ የወጣው ፋርምቪል እርሻ ነበር፣ ደስ የሚል ቀለም ነበረው፣ ነገር ግን የተከልከውን በሰዓቱ ተመልሰህ ካላነሳህ ይበሰብስብህ ነበር። ሰው ከእንቅልፉ እየተነሳ ጎመን ይለቅም ነበር። እሱ በ2020 መጨረሻ ተዘጋ፣ ልጆቹ ግን ዛሬም ስልካችን ላይ ሞልተዋል። መለየት ቀላል ነው፤ ስልኩን ዘግተው ሲተዉት «ና፣ ደርሷል፣ ሊያመልጥህ ነው» እያለ መልእክት የሚልክና ለማፋጠን ብር ክፈል የሚል ከሆነ ያን ይከልክሉ። ያለ ርኅራኄ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ። እኔ ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ነው የምጫወተው። የአጎቴ ልጅ ስታርዲው ቫሊን ጫነልኝ፣ ሞከርኩት፣ አልገባኝም። ምን አድርግ እንደሚለኝ አላውቅም፣ አሸነፍክ አይልም፣ አያልቅም። የሆነ ነገር እያመለጠኝ ነው?

መልስ፦ ላያምልጥህም ይችላል፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም አይወድም። ግን አንተን ያሳደገህ ፕሌይስቴሽን ቤት መሆኑን አትርሳ። እዚያ የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፣ ከኋላህ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ቆሟል፣ የተሸነፈ ይነሳል። እዚያ ቤት አንድ ጌም ዋጋ እንዲኖረው ቶሎ አልቆ አሸናፊ መለየት አለበት። ይህን ለምደህ ድንገት ማንም ተነስ የማይልህ ቦታ ስትቀመጥ ግራ ቢገባህ አይገርምም። እኔ የማምነው ግራ መጋባቱ ራሱ የጌሙ መግቢያ ነው፤ ማንም ምን አድርግ ሳይልህ ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ራስህን የጠየቅከው መቼ ነው?

ለአንተ የሚሆን ምክር አለኝ። እርሻውን ለጊዜው ተወው። የመጀመሪያው ጸደይ 5ኛ ቀን ላይ የማዕድን ዋሻው ይከፈታል። 120 ፎቅ ወደታች አለው፣ ጭራቅ አለው፣ ሰይፍ ትይዛለህ። እዚያ ስትወርድ የምትበላው ያስፈልግሃል፣ የምትበላውን ለማግኘት ትተክላለህ፣ ለመትከል የተሻለ መቆፈሪያ ትፈልጋለህ፣ መቆፈሪያውን የሚያሻሽለው መዳብ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ካልጣመህ አጥፋው፣ ኳስህን ተጫወት።

ጥያቄ፦ እህቴ ካናዳ ከሄደች ቆይታለች። አኒማል ክሮሲንግ የሚባል ጌም ትጫወታለች፣ የራሷ ደሴት አላት፣ ስሙን «ጦሳ» ብላዋለች። ሁልጊዜ የምትልክልኝ ፎቶ የደሴቷን ነው፣ የራሷን አትልክም። እናቴ ትጨነቃለች። ብቸኝነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊሆን ይችላል፤ ብቸኝነት ቢሆንም ግን ጌሙ የተሠራው ለዚያ ነው። የሠራው ካትሱያ ኤጉቺ ጃፓን ውስጥ ቺባ የሚባል አካባቢ አድጎ፣ ኒንቴንዶ ሲቀጠር ቤተሰቡንም ጓደኞቹንም ትቶ ኪዮቶ ገባ። ሰው አጠገቡ ሲኖር የነበረውን ስሜት እንዴት እንደሚመልሰው ሲያስብ ነው ይህ ጌም የመጣለት። የመጀመሪያው በ2001 ወጣ። እህትህ የምትጫወተው ምናልባት በመጋቢት 2020 የወጣው ነው፤ ዓለም ሁሉ በኮቪድ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን የወጣ፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ። ለወሎ ሰው ስለ ናፍቆት ማስረዳት ስለማያስፈልግ እዚህ ላይ አልረዝምም።

የዚህ ጌም ልዩ ነገር ሰዓቱ የእውነት ሰዓት መሆኑ ነው። እሷ ጋ ሲመሽ ደሴቱም ላይ ይመሻል፣ የበረዶው ወቅት ሲገባ ደሴቱም ላይ በረዶ ይጥላል። ለቤት የተበደርሽውን መልሺ የሚል ነጋዴ አለ፤ ወለድ የለውም፣ ቀነ ገደብ የለውም፣ ስትችል ትከፍላለች። ለሳምንታት ብትጠፋ አረም ይበቅላል፣ ጎረቤቶቿም የት ጠፋሽ ይሏታል፣ ከዚያ ያው ኑሮ ይቀጥላል። ውጭ ላለ ሰው፣ የኪራይ ቀንና የሥራ ፈረቃ ሲያሯሩጠው ለሚውል ሰው፣ የትም የማያገኘው ደግነት ነው ይህ።

ፎቶዋን አለመላኳን ጌሙ ላይ አታላክከው። በቪዲዮ ደውልላትና «ጦሳን አስጎብኚኝ» በላት። አስጎብኝታህ ስትጨርስ ፊቷን አይተሃል፣ እናትህም አይታለች። ስልክ ካላነሳች፣ ሥራ መሄድ ካቆመች፣ እንቅልፍ ካጣች ያኔ ነገሩ ሌላ ነው፣ በአቅራቢያዋ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሄዶ ይያት። ደሴት ማስዋቧ ብቻውን ግን አያስጨንቃችሁ። ተራራችንን ስም ሰጥታ ይዛው እየኖረች ነው።

ጥያቄ፦ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። እንዲህ ዓይነት ጌም ብቻዬን መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት ያውቃል። ስታርዲው ቫሊን የሠራው ኤሪክ ባሮን ልክ እንዳንተ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ሃርቨስት ሙን የሚባል የጃፓን የእርሻ ጌም ይወድ ነበር። እሱን ደግሞ በ1996 ያወጣው ያሱሂሮ ዋዳ ገጠር አድጎ ቶኪዮ የገባ ሰው ነው። ባሮን ኮዱን፣ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ የያንዳንዱን ሰው ንግግር ብቻውን ሠራ። አራት ዓመት ተኩል ፈጀበት። ቲያትር ቤት ውስጥ ታዳሚ እያስተናገደ በትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር፣ ፍቅረኛውም ትደግፈው ነበር። በየካቲት 2016 አወጣው፤ እስከ 2024 መጨረሻ ከ41 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ይህን የነገርኩህ ሥራ ፍለጋውን ተውና ጌም ሥራ ለማለት አይደለም። አራት ዓመት ተኩል የሚያበላህ ሰው ከሌለ ሥራህን ይዘህ በማታው ጀምር፣ በጣም ትንሽ ነገር ጀምር፣ አንድ ማሳና አንድ ሰብል። ግን ስትሠራ የነሱን ድጋሚ አትሥራ። በልግና መኸርን አስገባ። እዚህ ዓምድ ላይ ያሉት አባት የፈለጉትን በሬ አስገባ፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ተጫዋች ማረስ እንዳይችል አድርገው፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን ተባብሎ እንዲያርስ። አጨዳው በደቦ ይሁን፣ ጠርቶ ያላበላ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣለት አይኑር። እነዚህ የጌም ሕጎች ናቸው፣ አያቶቻችን ሲኖሩባቸው የነበሩ፣ እስካሁን ማንም ስክሪን ላይ ሲያስገባቸው አላየሁም። እኔ ቢሸጥ ገዝቼ እጫወተዋለሁ።

አጫጭር ጥያቄዎች

*ስታርዲው ቫሊ ዳታ ይበላል? ማስታወቂያስ አለው?* (ከኮምቦልቻ)
አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ማስታወቂያ የለውም፣ መሃል ላይ ብር ጨምር አይልም። አንዴ ነው የሚገዛው። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ቻርጅ ብቻ ይኑርህ።

*ጌሙ ውስጥ ቡና አለ?* (ከፒያሳ)
አለ። በጸደይና በበጋ ይበቅላል፣ አንዴ ከደረሰ በየሁለት ቀኑ ይለቀማል። ጀበና ግን የለም፤ አምስት ፍሬ በርሜል ውስጥ ይጨመርና ቡና ሆኖ ይወጣል። የጠጣ ሰው በፍጥነት ይራመዳል። ሳይቆላ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ እኔም ያው ጥያቄ አለኝ።

*ላሟን ማረድ ይቻላል?* (ከሰኞ ገበያ)
አይቻልም። ወተቷን ታልባለህ፣ ከፈለግህ ትሸጣታለህ። ለበዓል የሚሆን ነገር የለም።

*ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ 67 ዓመቴ። የልጅ ልጄ ካልተጫወትክ ትለኛለች። ዓይኔም ደከም ብሏል። እችለዋለሁ?* (ከኮምቦልቻ)
መምህር፣ በሚገባ ይችሉታል። ከስልክ ይልቅ ታብሌት ወይም ላፕቶፕ ቢገኝ ይሻላል፣ ጽሑፉ ትንንሽ ነው፤ በስልክም ቢሆን ማሳውን በሁለት ጣት ማጉላት ይቻላል። ዓሣ ማጥመዱን መጀመሪያ አይሞክሩት፣ ፈጣን እጅ ስለሚፈልግ ያናድዳል። ድንች ይትከሉ፣ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን አያብዙት፣ ውሃ ማጠጣቱ ጊዜና ጉልበት ይወስዳል። ሱቁ ረቡዕ ዝግ ስለሆነ ዘር ማክሰኞ ይግዙ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባለታሪኩ ባለበት ስለሚወድቅና ገንዘብ ስለሚጎድልበት በጊዜ ያስተኙት። ቀሪውን የልጅ ልጅዎ ታሳይዎታለች።